የምስጠራ ዘዴም እንደ ዘር ይፈተን፦ ስለ ውሱን መስኮች አልጀብራና ስለ ድኅረ ምረቃ ጥናት

ከአዳማ በስተደቡብ ምሥራቅ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በአዋሽ ወንዝ አቅራቢያ የሚገኘው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1969 ከተመሠረተ ጀምሮ ለዝናብ አጠር አካባቢዎች የሚስማሙ ዝርያዎችን ሲያወጣ ኖሯል። «አዋሽ-1» እና «አዋሽ መልካ» የተባሉት የቦሎቄ ዝርያዎች፣ «መልካሳ-2» እና «መልካሳ-4» የተባሉት የበቆሎ ዝርያዎች የዚሁ ሥራ ፍሬዎች ናቸው። አንድ ዝርያ ለገበሬ ከመድረሱ በፊት የሚያልፍበት መንገድ ረጅም ነው። አዳቃዩ በራሱ መደብ ላይ አምሮ ስላየው ብቻ አይለቀቅም። በተለያዩ ቦታዎችና ዓመታት፣ ቀደም ሲል ከተለቀቀ ማነጻጸሪያ ዝርያ ጎን ይዘራል፤ ድርቅም በሽታም ይፈትነዋል፤ በመጨረሻም ከአዳቃዩ ውጭ ያሉ ገምጋሚዎች ያዩታል። ከተሞከሩት መስመሮች አብዛኞቹ በመንገድ ላይ ይቀራሉ፤ ይህም የምርምሩ ወግ እንጂ ውድቀቱ አይደለም።

በውሱን መስኮች አልጀብራ ላይ ተመሥርተው የሚነደፉ የሲሜትሪክ ምስጠራ ዘዴዎች ግን ብዙ ጊዜ ይህን መንገድ ሳያልፉ «ተለቀዋል» ይባላሉ። ሲሜትሪክ ምስጠራ ላኪና ተቀባይ አንድ ምስጢራዊ ቁልፍ የሚጋሩበት ዘዴ ነው። ውሱን መስክ፣ ማለትም ፋይናይት ፊልድ፣ አባላቱ የሚቆጠሩ ሆነው መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና በዜሮ ካልሆነ በቀር ማካፈል ሙሉ በሙሉ የሚሠሩበት የቁጥር ሥርዓት ነው። የሁለቱ መገናኘት ለሒሳብና ለኮምፒውተር ሳይንስ ተመራቂዎች ማራኪ የምርምር ርዕስ መሆኑ አያስገርምም፤ ንድፈ ሐሳቡ ጥርት ያለ ነው፣ የሚጠይቀው መሣሪያ አንድ ኮምፒውተር ብቻ ነው፣ ውጤቱም በጥቂት ወራት ይታያል። በዓለም ዙሪያ በዚህ ርዕስ የሚታተሙ በርካታ ጥናቶች ተመሳሳይ መልክ አላቸው፦ አዲስ ማትሪክስ ወይም አዲስ የመተኪያ ሠንጠረዥ ይቀርባል፣ የቁልፉ ብዛት ይሰላል፣ የተመሰጠረ ሥዕል ሂስቶግራም ይታያል፣ ከዚያም ዘዴው «አስተማማኝ ነው» ተብሎ ይደመደማል። የጎደለው አንድ ምዕራፍ ነው፤ ዘዴውን ለመስበር በብርቱ የተደረገ ሙከራ።

የዚህ ጽሑፍ አቋም ይህ ነው፦ ምስጠራን የሚያንጸው አልጀብራና የሚያፈርሰው አልጀብራ አንድ ስለሆነ፣ የመስበርን ጥበብ ያልተማረ ተመራማሪ የመንደፍን ጥበብ ሊይዝ አይችልም። ስለዚህ የድኅረ ምረቃ ጥናት ቅደም ተከተል መለወጥ አለበት፤ መስበር ይቅደም፣ መንደፍ ይከተል።

«መልካሳ» የሚለው ቃል የሚሰብረው ምስጠራ

ነገሩን በቅርብ ምሳሌ ማየት ይቻላል። ሌስተር ሂል እ.ኤ.አ. በ1929 ባወጣው ጽሑፍ ፊደላትን ወደ ቁጥር ለውጦ በማትሪክስ በማባዛት የመመስጠር ዘዴ አቀረበ። ይህን ዘዴ ወደ አማርኛ ማምጣት ለተማሪ የመጀመሪያው ሐሳብ ነው። በዩኒኮድ ዋናው የኢትዮጵያ ፊደል ክፍል 384 ቦታዎች አሉት። 384 የአንድ ብቸኛ ቁጥር ርቢ ስላልሆነ ያን ያህል አባላት ያሉት መስክ የለም፤ ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣው ብቸኛ ቁጥር ግን 389 ነው። ስለዚህ 389 አባላት ያሉት መስክ ይመረጣል፤ እያንዳንዱ ፊደል ከ«ሀ» ያለው ርቀት ቁጥሩ ይሆናል፤ ስሌቱም ሁሉ ለ389 ተካፍሎ በሚቀረው ቀሪ ይካሄዳል።

በዚህ አቆጣጠር «መ» 24፣ «ል» 13፣ «ካ» 171፣ «ሳ» 51 ናቸው። ቁልፉ ሁለት በሁለት ማትሪክስ ይሁን፤ የላይኛው ረድፍ 3 እና 5፣ የታችኛው ረድፍ 2 እና 7። «መል» ሲመሰጠር 3×24+5×13=137 እና 2×24+7×13=139 ይሆናል። «ካሳ» ደግሞ 379 እና 310 ይሆናል። ስለዚህ «መልካሳ» የሚለው ቃል 137፣ 139፣ 379፣ 310 ሆኖ ይላካል። ከቁጥሮቹ ምንም የሚነበብ ነገር የለም። በዚህ መጠን ሊመረጡ የሚችሉት ቁልፎችም ከ22 ቢሊዮን በላይ ናቸው።

አጥቂው ግን ቁልፎቹን አንድ በአንድ አይሞክርም። መልእክቱ ከመልካሳ የተላከ የሙከራ መዝገብ መሆኑንና የመጀመሪያው ቃል «መልካሳ» መሆኑን ማወቅ ይበቃዋል። አራቱን የግልጽ ጽሑፍ ቁጥሮች በማትሪክስ ያስቀምጣል፤ ዲተርሚናንቱ 24×51−171×13=−999 ነው፣ ይህም በመስኩ ውስጥ 168 ነው። 168 ዜሮ ስላልሆነ ተገላቢጦሽ አለው፤ እርሱም 44 ነው፣ ምክንያቱም 168×44=7392 ለ389 ሲካፈል ቀሪው 1 ነው። ከዚህ በኋላ የተመሰጠሩትን ቁጥሮች ማትሪክስ በግልጹ ማትሪክስ ተገላቢጦሽ ማባዛት ብቻ ይቀራል፤ ውጤቱም 3፣ 5፣ 2 እና 7 ነው። በወረቀትና በእርሳስ፣ በአንድ ቃል፣ ሙሉው ቁልፍ ተገኘ። ቀሪው መዝገብ ሁሉ ከዚያ በኋላ ክፍት ነው።

ተማሪው ማትሪክሱን ወደ 16 በ16 ቢያሳድገው ቁልፉ ከ2200 ቢት በላይ ይሆናል፤ ይህም ከኤ.ኢ.ኤስ. 128 ቢት ቁልፍ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ግዙፍ ይመስላል። ጥቃቱ ግን አይለወጥም፤ የሚያስፈልጉት 16 እርስ በርስ የማይወሰኑ የጽሑፍ ክፍሎች፣ ማለትም 256 ፊደላት ብቻ ናቸው። በየዕለቱ ተመሳሳይ ርእስ፣ ተመሳሳይ የዝርያ ስምና ተመሳሳይ ዓምድ የሚደጋግሙ መዝገቦች ይህን ያህል በቀላሉ ይሰጣሉ። አንድ ቋሚ ቁጥር መደመርም አያድንም፤ ሁለት የተመሰጠሩ ክፍሎች ሲቀናነሱ ቋሚው ይጠፋል። የቁልፍ ብዛት ለደህንነት አስፈላጊ ነው እንጂ በቂ አይደለም የሚባለው ስለዚህ ነው።

የአማርኛ ጽሑፍ በኮምፒውተር የሚቀመጥበት መንገድም ለአጥቂው ተጨማሪ እጅ ይሰጣል። በዩ.ቲ.ኤፍ-8 አቀማመጥ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል፤ የመጀመሪያው ባይት ዘወትር 225 ነው፣ ሁለተኛው ከ136 እስከ 141 ካሉት ስድስት ቁጥሮች አንዱ ነው። «መ» 225፣ 136፣ 152 ሲሆን «ሳ» 225፣ 136፣ 179 ነው። በባይት ላይ የሚሠራ ማንኛውም ደካማ ዘዴ ሲገጥመው አጥቂው ምንም ግልጽ ጽሑፍ ሳይሰጠው እንኳ ከየፊደሉ ሦስት ባይቶች አንዱን አስቀድሞ ያውቃል። ስለ አማርኛ ምስጠራ የሚጻፍ ጥናት ከዚህ እውነታ መጀመር ሲገባው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከፊደላቱ ብዛት ነው።

ከመስመራዊነት የመውጣት ጥበብ

ታዲያ ኤ.ኢ.ኤስ. በዚያው አልጀብራ ተሠርቶ ስለምን ይጸናል? መልሱ ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1949 ካስቀመጠው መርህ ይጀምራል፤ ጥሩ ምስጠራ በቁልፉና በተመሰጠረው ጽሑፍ መካከል ያለውን ግንኙነት ማወሳሰብ፣ እንዲሁም የእያንዳንዱን ፊደል ተጽዕኖ ወደ ሁሉም ማሰራጨት አለበት። መስመራዊ ማትሪክስ ሁለተኛውን በሚገባ ያደርጋል፤ የመጀመሪያውን ፈጽሞ አያደርግም። ስለዚህ ዮአን ዳመንና ቪንሰንት ራይመን በነደፉት ዘዴ ውስጥ መስመራዊ ያልሆነ አንድ ክፍል ገብቷል።

ያ ክፍል 256 አባላት ባሉት መስክ ውስጥ የተገላቢጦሽ ስሌት ነው። መስኩ የሚገነባው ሀ⁸+ሀ⁴+ሀ³+ሀ+1 በተባለው የማይከፋፈል ፖሊኖሚያል ነው። እያንዳንዱ ባይት በማባዛት ተገላቢጦሹ ይተካል፣ ይህም ባይቱን ወደ 254ኛ ርቢ ከማድረስ ጋር አንድ ነው፤ ከዚያም አንድ የቢት ማዛወሪያ ይከተላል። ካይሳ ኒበርግ እ.ኤ.አ. በ1993 የዚህን ስሌት ጥንካሬ አሳይታለች፦ በሁለት ግብዓቶች መካከል የትኛውም ዜሮ ያልሆነ ልዩነት ቢመረጥ፣ አንድ የተወሰነ የውጤት ልዩነት የሚገኘው ከ256 ግብዓቶች ቢበዛ በአራቱ ነው። ስለዚህ የአንዱ ሠንጠረዥ ልዩነት የማለፍ ዕድል ከ64 አንድ አይበልጥም።

ከዚያ በኋላ በዚሁ መስክ ላይ የተሠራ አራት በአራት ማትሪክስ ልዩነቱን ያሰራጫል። በአራት ዙር ውስጥ ልዩነቱ ቢያንስ 25 ሠንጠረዦችን መንካቱ በማስረጃ ይታወቃል። እያንዳንዱ 6 ቢት ስለሚያስከፍል ድምሩ 150 ቢት ነው፤ ይህም ከ128 ይበልጣል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ስሌቱ ውበቱን ለማሳየት የተመረጠ አይደለም፤ እያንዳንዱ ምርጫ ለአንድ የታወቀ ጥቃት የተሰጠ መልስ ነው። ጥቃቶቹ ባይታወቁ ኖሮ ምርጫዎቹም ባልታወቁ ነበር።

ምርጫውም በአደባባይ ተካሂዷል። የአሜሪካ ብሔራዊ የስታንዳርዶችና ቴክኖሎጂ ተቋም ጥሪውን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። በ1998 አሥራ አምስት ዕጩዎች ቀረቡ፤ በ1999 አምስት ቀሩ፤ በ2000 አንዱ ተመረጠ፤ በኅዳር 2001 መስፈርት ሆኖ ታተመ። በእነዚያ ዓመታት ተወዳዳሪዎች አንዱ የሌላውን ዘዴ ለመስበር ይሠሩ ነበር። ከመልካሳ የዝርያ ሙከራ ጋር ያለው ተመሳሳይነት ግልጽ ነው፤ ብዙ መስመሮች፣ ብዙ ዓመታት፣ ብዙ ገምጋሚዎች፣ ጥቂት የሚለቀቁ።

ማስረጃ ያለው ዘዴ ሲሰበር

«ጥናቱ የሒሳብ ማስረጃ ካለው አይበቃም?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ለዚህ የሚሰጠው መልስ ከመስኩ ታሪክ ይገኛል። ካይሳ ኒበርግና ላርስ ክኑድሰን በ1990ዎቹ መጀመሪያ በልዩነት ላይ የሚመሠረተውን ጥቃት እንደሚቋቋም በማስረጃ የተረጋገጠ ባለ ስድስት ዙር ዘዴ አቀረቡ። መሠረቱ በውሱን መስክ ውስጥ ቁጥርን ወደ ሦስተኛ ርቢ ማድረስ ነበር። ማስረጃው ትክክል ነበር፤ ዛሬም ትክክል ነው። ሆኖም ቶማስ ያኮብሰንና ራሱ ክኑድሰን እ.ኤ.አ. በ1997 ዘዴውን ሰበሩት።

ምክንያቱ በቀላሉ ይገለጻል። ሁለት አባላት ባሉት መስክ ላይ በተገነባ መስክ ውስጥ አንድ ርቢ በቢቶች ሲታይ የሚኖረው ዲግሪ፣ አርቢው ቁጥር በሁለትዮሽ ሲጻፍ ያሉት የአንዶች ብዛት ነው። 254 በሁለትዮሽ 11111110 ስለሆነ ዲግሪው ሰባት ነው። 3 ግን 11 ስለሆነ ዲግሪው ሁለት ብቻ ነው። በስድስት ዙር ውስጥ ዝቅተኛው ዲግሪ በበቂ አያድግም፤ አጥቂውም በደንብ የተመረጡ ጥቂት ጽሑፎችን ውጤት በመደመር ያልታወቀውን ክፍል ያጠፋዋል። ማስረጃው የቆመው በአንድ በር ላይ ነበር፤ ጥቃቱ የገባው በሌላ በር ነው።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ዛሬ አንድ ስሌት በትክክል መሠራቱን፣ ምስጢሩን ሳይገልጹ ለማረጋገጥ በሚያስችሉ ሥርዓቶች ውስጥ የማባዛት ብዛት ዋጋ ስላለው፣ ያ ሦስተኛ ርቢ እ.ኤ.አ. በ2016 «ሚምሲ» በተባለ ዘዴ ተመልሶ መጣ። በዚህ ጊዜ ግን ነዳፊዎቹ የ1997ቱን ጥቃት ይዘው ነበር የተነሡት። ለ129 ቢት 82 ዙር መረጡ፤ የመረጡበትም ምክንያት 3 ወደ 82ኛ ርቢ ሲደርስ 2 ወደ 129ኛ ርቢ ሲደርስ ከሚሰጠው ቁጥር እንዲበልጥ ነው። ይህ ሁሉ ሆኖ በ2020 ሌሎች ተመራማሪዎች በሁለትዮሽ መስክ ላይ ላለው ሙሉ ሚምሲ ቁልፎችን ሁሉ ከመፈተሽ በመጠኑ የሚፈጥን ጥቃት አሳዩ። ጥቃቱ ተግባራዊ አደጋ አላመጣም፤ የቀረውን ርቀት ግን በትክክል ለካ። የዲግሪ ዕድገት እንዴት እንደሚሰላ የዕውቀት ድንበር ወደፊት የሄደው በነዳፊዎች ብቻ ሳይሆን በሰባሪዎችም ሥራ ነው።

መብራት ሲጠፋ

የውሱን መስኮች አልጀብራ ወሳኝነት በአዲስ ዘዴ ንድፍ ላይ ብቻ አይታይም፤ የተፈተነ ዘዴ በተሳሳተ መንገድ ሲተከልም ይታያል። እንደ መልካሳ ባለ የሙከራ ማሳ ላይ የአፈር እርጥበትን እየለካ በሬዲዮ ወደ ቢሮ የሚልክ ትንሽ ሴንሰር ይታሰብ። መሣሪያው ኤ.ኢ.ኤስ.ን ጂ.ሲ.ኤም. በተባለው አሠራር ይጠቀማል። ይህ አሠራር ምስጢር ከመጠበቅ በላይ መልእክቱ እንዳልተለወጠ የሚያረጋግጥ ማኅተም ያያይዛል። ማኅተሙ የሚሰላው ሀ¹²⁸+ሀ⁷+ሀ²+ሀ+1 በተባለው ፖሊኖሚያል በሚገነባ፣ 2 ወደ 128ኛ ርቢ ሲደርስ የሚያህል አባላት ባሉት መስክ ውስጥ ነው። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለ፤ ለእያንዳንዱ መልእክት የሚሰጠው መለያ ቁጥር በአንድ ቁልፍ ሥር ፈጽሞ መደገም የለበትም።

መሣሪያው መለያ ቁጥሩን የሚቆጥረው በጊዜያዊ ማስታወሻው ከሆነ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ወይም ባትሪው ሲቀየር ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል፤ ቁጥሩም ይደገማል። የመጀመሪያው ጉዳት የሁለቱ መልእክቶች ልዩነት በግልጽ መታየቱ ነው፤ አንዱ ልኬት ከታወቀ ሌላውም ይታወቃል። ሁለተኛው ጉዳት የባሰ ነው፤ አንትዋን ዡ እ.ኤ.አ. በ2006 ያመለከተው ይህንኑ ነው። እያንዳንዱ ልኬት 16 ባይት ቢሆንና ሌላ ተጨማሪ መረጃ ባይኖር፣ ማኅተሙ የተመሰጠረው ክፍል በምስጢራዊው የማኅተም ቁልፍ ካሬ ተባዝቶ፣ ርዝመቱን የሚገልጸው ክፍል በቁልፉ ተባዝቶ፣ በመለያ ቁጥሩ ብቻ በሚወሰን ጭምብል ላይ የሚደመር ነው። መለያ ቁጥሩ ሲደገም ሁለቱን ማኅተሞች መደመር ጭምብሉንም የርዝመቱንም ክፍል ያጠፋል። የቀረው የማኅተም ቁልፉ ካሬ በታወቀ ቁጥር ተባዝቶ ነው። አንድ ማካፈል፣ አንድ ካሬ ሥር፤ በዚህ ዓይነት መስክ ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱ ቁጥር አንድና አንድ ብቻ ካሬ ሥር አለው። አጥቂው ከዚያ በኋላ የተላኩትን ልኬቶች ለውጦ ትክክለኛ የሚመስል ማኅተም ሊያትምባቸው ይችላል።

የአፈር እርጥበት ቁጥር ማን ይሰርቃል ተብሎ ሊናቅ አይገባም። የሙከራ ማሳ ቁጥሮች አንድ ዝርያ ይለቀቅ ወይስ ይቅር የሚለው ውሳኔ የሚቆምባቸው ናቸው። የገበሬዎች ስም፣ ማሳና ምርት የያዙ መዝገቦችም በ2016 ዓ.ም. ከወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በኋላ የሕግ ጥበቃ አላቸው። የተበላሸ ቁጥር ወደ ተሳሳተ ዘር ያደርሳል፤ የተሳሳተ ዘር ደግሞ አንድ የክረምት ወቅት ያስከፍላል።

መድኃኒቱ አዲስ ምስጠራ መንደፍ አይደለም። መሣሪያው ቁጥሮችን ከመጠቀሙ በፊት ለምሳሌ የሚቀጥሉትን 1000 ቁጥሮች ወሰን በማይጠፋ ማስታወሻ ላይ ይመዝግብ፣ ሲነሣም ከተመዘገበው ወሰን ይቀጥል። ወይም የመለያ ቁጥር መደጋገምን በተሻለ ሁኔታ የሚቋቋመው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው የጂ.ሲ.ኤም. ሌላ ዓይነት ይመረጥ። በጣም አነስተኛ ለሆኑ መሣሪያዎች ደግሞ የአሜሪካው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2023 የመረጠው «አስኮን» አለ፤ የውስጥ ሁኔታው 320 ቢት ብቻ ነው፣ ምንም እንኳ እርሱም የመለያ ቁጥርን አለመደገም ቢጠይቅም። ከእነዚህ የትኛው በርካሽ መሣሪያ ላይ፣ በሚቆራረጥ ኃይልና በደካማ የሬዲዮ ግንኙነት፣ በምን ያህል ጉልበትና ጊዜ ይሠራል የሚለው ጥያቄ በአዳማም ሆነ በዝዋይ ወይም በሻሸመኔ ሊለካ የሚችል፣ መልሱም ለሌላ አገር ተመራማሪ የሚጠቅም የጥናት ጥያቄ ነው።

አገር የራሷ ምስጠራ አያስፈልጋትምን?

ከዚህ አቋም በተቃራኒ የሚቀርበው ጠንካራ ክርክር የሉዓላዊነት ክርክር ነው። ሩሲያ፣ ቻይናና ዩክሬን የየራሳቸው የሲሜትሪክ ምስጠራ መስፈርት አላቸው፤ ኢትዮጵያስ ዘወትር የሌላውን ትጠቀም ዘንድ ስለምን ተፈረደባት? ክርክሩ ሊናቅ አይገባም፤ ጥገኝነት እውነተኛ አደጋ ነው፣ ዕውቀትም ሳይሞክሩት አይገኝም።

ነገር ግን የእነዚሁ አገሮች ልምድ የሚያስተምረው ሌላም አለ። «ኩዝኔችክ» የተባለው የሩሲያ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2015 መስፈርት ሲሆን የመተኪያ ሠንጠረዡ እንዴት እንደተመረጠ በዝርዝር አልተገለጸም ነበር። በ2016 እና በ2019 የታተሙ ጥናቶች በሠንጠረዡ ውስጥ የተደበቀ የአልጀብራ መዋቅር እንዳለ አሳዩ፤ ሠንጠረዡ 256 አባላት ያሉትን መስክ፣ በውስጡ ካለው 16 አባላት ያሉት ንዑስ መስክ ጋር በተያያዘ ሁኔታ ይከፋፍለዋል። ከዚህ መዋቅር የተገኘ ተግባራዊ ጥቃት የለም። መተማመኑ ግን ተጎዳ፤ ያልተገለጸ ምርጫ ጥርጣሬን ይወልዳልና። ኦገስት ኬርክሆፍስ እ.ኤ.አ. በ1883 ያስቀመጠው መርህ፣ ከቁልፉ በቀር ሁሉም ነገር በጠላት እጅ ቢወድቅ ዘዴው መጽናት አለበት የሚለው፣ ዛሬም አልተሻረም።

እውነተኛው ሉዓላዊነት እንግዲህ ስሙ አገርኛ የሆነ ዘዴ መያዝ አይደለም። የማንንም ዘዴ፣ የውጭም ይሁን የአገር፣ ፈትሾ «ይህ ይጸናል፣ ያ አይጸናም» ብሎ በራስ ዕውቀት መፍረድ የሚችል የሰው ኃይል መያዝ ነው። አገር ሰባሪዎች ሳይኖሯት ነዳፊዎች ቢኖሯት፣ የተነደፈው ዘዴ መጽናቱን የምታውቀው ከተሰበረ በኋላ ነው።

ምን ይደረግ?

ከዚህ የሚከተሉት ተግባራዊ ሐሳቦች በየትኛውም የሒሳብ ወይም የኮምፒውተር ሳይንስ የድኅረ ምረቃ ክፍል ያለ ተጨማሪ በጀት ሊጀመሩ ይችላሉ።

አንደኛ፣ አዲስ የምስጠራ ዘዴ የሚያቀርብ የመመረቂያ ጽሑፍ ሁሉ ዘዴውን ለመስበር የተደረገ ሙከራ ምዕራፍ ይኑረው። በግልጽ ጽሑፍ የሚደረገው የመስመራዊ አልጀብራ ጥቃት፣ በልዩነት ላይ የሚመሠረተው ጥቃትና የዲግሪ ዕድገት ስሌት ዝቅተኛው መስፈርት ይሁኑ። ሂስቶግራም፣ ኢንትሮፒና የቁልፍ ብዛት እንደ ማሟያ ይቅረቡ እንጂ እንደ ማስረጃ አይቆጠሩ። ከላይ የተሰበረው ምሳሌም የቁልፉ ማትሪክስ ትልቅ ሲሆን እነዚህን መለኪያዎች በመልካም ውጤት ሊያልፍ ይችላልና።

ሁለተኛ፣ ዘዴው ከማነጻጸሪያ ጎን ይቁም። የመልካሳ አዳቃይ አዲሱን መስመር ቀደም ሲል ከተለቀቀው ዝርያ አጠገብ እንደሚዘራው ሁሉ፣ ነዳፊውም ዘዴውን ከኤ.ኢ.ኤስ. ወይም ከአስኮን ጎን አቁሞ በፍጥነት፣ በማስታወሻ ፍጆታ ወይም በሌላ ሊለካ በሚችል ነገር ምን እንደሚበልጥ ያሳይ። ምንም የማይበልጥ ከሆነ ዘዴው ለልምምድ ጠቅሟል፤ ለሥራ ግን አይለቀቅም።

ሦስተኛ፣ ኮዱና የመሞከሪያ ቁጥሮቹ ከመመረቂያው ጽሑፍ ጋር ይታተሙ፤ ቀጣዩ ዓመት ተማሪም የቀዳሚውን ዘዴ መስበር እንደ ሙሉ የጥናት ርዕስ ይፈቀድለት። ይህ በአማካሪዎች በኩል የባሕል ለውጥ ይጠይቃል። የአንድ ተማሪ ዘዴ በሌላው መሰበሩ ለመጀመሪያው ውርደት ተደርጎ ከታየ ማንም አይሞክርም። ክኑድሰን ራሱ የተሳተፈበትን ዘዴ መስበሩ ስሙን አላጎደለውም፤ ይልቁንም ከመስኩ ታላላቅ ሰዎች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል።

አራተኛ፣ የተፈተኑ ዘዴዎችን በአገር ውስጥ ሁኔታ በትክክል መትከል እንደ ሙሉ የምርምር ሥራ ይቆጠር። መብራት ሲቆራረጥ የማይደገም የመለያ ቁጥር፣ የአማርኛና የአፋን ኦሮሞ መዝገቦች አቀማመጥ ለአጥቂ የሚሰጠው ፍንጭ፣ ቁልፍ ከማሳ ወደ ቢሮ እንዴት በደህና እንደሚደርስ፤ እነዚህ ሁሉ በቅርብ ያሉ፣ ሒሳባቸው ጥልቅ የሆነ፣ ጥቅማቸውም ቶሎ የሚታይ ጥያቄዎች ናቸው።

ይህ ሁሉ የንድፍን ፍላጎት ለማብረድ የቀረበ አይደለም። አንድ ተማሪ 389 አባላት ባሉት መስክ ላይ የመጀመሪያውን ማትሪክስ ሲጽፍ የሚሰማው ደስታ ወደ ሒሳብ የሚያስገባ በር ነው፤ ሊዘጋም አይገባም። የሚያስፈልገው ከበሩ በኋላ ያለው መንገድ እንዲታይ ነው። ያ ተማሪ ማትሪክሱን በሠራበት ሳምንት ራሱ «መልካሳ» በሚለው አንድ ቃል ሰብሮት ቢያይ፣ ቀጥሎ የሚጠይቀው ጥያቄ የተለየ ይሆናል፤ «ቁልፌ ስንት ቢት ነው?» ማለቱን ትቶ «ከየትኛው በር ይገባብኛል?» ይላል። ከመልካሳ ማሳዎች የሚወጣ ዘር ለገበሬ የሚታመነው ብዙ መስመሮች በሙከራ ስለወደቁ ነው፤ ከድኅረ ምረቃ ክፍሎች የሚወጣ ምስጠራም የሚታመነው በዚያው ልክ የወደቁት ሲቆጠሩና ውድቀታቸው ሲጻፍ ነው።